ሽፋንም ይጠየቃል

ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንዷ በዋግ ኽምራ የምትገኘው የአምደወርቅ ከተማ ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ግራፊክ ዲዛይን ትማራለች። ለመመረቂያዋ የአንድ መጽሔት ሽፋንና የዋናውን ጽሑፍ ጥንድ ገጽ እንድትሠራ ታዛለች፤ የመረጠችውም ጉዳይ የሰቆጣ ቃል ኪዳን ነው። ሌላው መጽሔት ሲያዘጋጁ የኖሩ አንጋፋ አርታኢ ናቸው። ረቂቁን አምደወርቅ ላይ ዘርግተው ይነጋገራሉ።

አርታኢው፦ ከሽፋኑ እንጀምር። ስለ ዋግ ኽምራ ሕፃናት የሚያትት ጽሑፍ ነው ብለሽኛል፤ ሽፋኑ ላይ ግን ሕፃን የለም። ሕፃን ቀርቶ ሰው የለም። ከላይ የመጽሔቱ ስም፣ ከሥሩ ሁለት አግድም መስመሮች፣ በመስመሮቹ መካከል ቀይ ቀለም፣ ከግርጌ አንድ ዐረፍተ ነገር፣ የቀረው ነጭ። እኔ የማውቀው ሽፋን ዐይን ያለው ነው፤ ሰው የሰው ፊት ሲያይ ይቆማል። አዟሪው ክንዱ ላይ ደራርቦ ሲያልፍ፣ ወይም አስፋልት ዳር አንጥፎ ሲሸጥ፣ መንገደኛው የሚሰጠው ጊዜ እጅግ አጭር ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለት መስመር ምን ይለዋል?

ተማሪዋ፦ ገበያውን አልንቀውም ጋሼ፤ ከገበያው የሚቀድም ጥያቄ ስላለ ነው። ዘጋቢ «በዚህ ወረዳ እንዲህ ሆነ» ብሎ ቢጽፍ እርስዎ ማስረጃውን ይጠይቁታል፤ ካላመጣ ይሰርዙበታል። ዲዛይነሩ ግን ፎቶ መርጦ፣ ግራ ቀኙን ቆርጦ፣ ሰማዩን አጥቁሮ፣ ርዕሱን በሰው ግንባር ላይ ሲያሳርፍ የሚጠይቀው የለም። ያምራል ወይም አያምርም ይባልና ይታለፋል። አንባቢ ከጽሑፉ በፊት የሚያየው፣ ጽሑፉን ከረሳው በኋላም የሚያስታውሰው ደግሞ ያንኑ ገጽ ነው። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ሽፋን ስለ አንድ አገርና ስለ አንድ ሕዝብ ይናገራል፣ የሚናገረውም እንደ ማንኛውም ዐረፍተ ነገር በማስረጃ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ይህን በያዝኩት ጉዳይ ላሳይዎት። የሰቆጣ ቃል ኪዳን በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ሲታወጅ መንግሥት የገባው ቃል፣ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ማስቀረት ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍም በተከዜ ተፋሰስ ዙሪያ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ተጀመረ። እንግዲህ መቀንጨር ሌላ፣ መቀጨጭ ሌላ ነው። የቀጨጨ ልጅ ክብደቱ ለቁመቱ ያነሰ ነው፤ በድንገተኛ ረኀብ ወይም በበሽታ ሥጋው ያልቃል፣ ጎድኑ ይቆጠራል፣ ካሜራም በቀላሉ ይይዘዋል። የቀነጨረ ልጅ ግን ቁመቱ ለዕድሜው ያነሰ ነው፤ ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ እስከ ሁለተኛ ዓመቱ በተመላለሰ የምግብ እጦትና በሽታ ቀስ እያለ የመጣ ነው። ፊቱ ሊሞላ ይችላል፣ ይስቃል፣ ይሯሯጣል። ፎቶ ቢነሳ የሦስት ዓመቱ ልጅ የሁለት ዓመት ልጅ ይመስላል እንጂ የተጎዳ አይመስልም። አጥንቱ የወጣ ሕፃን ሽፋኑ ላይ ባደርግ ጽሑፉ ስለ አንዱ ችግር እያስረዳ ሽፋኑ ሌላውን ያሳያል። ይህን የጣዕም ጉዳይ ነው ብዬ አላልፈውም፤ የመረጃ ስሕተት ነው።

አርታኢው፦ ልዩነቱ ገብቶኛል። ግን ከመጽሔት ገዢዎች ስንቶቹ ያውቁታል? ምስል የሚፈለገው ሐኪም ለማስተማር አይደለም፤ ልብ ለመንካት ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክ ስለ ረኀቡ ከኮረም ያቀረበው ዘገባ በቢቢሲ ባይታይ፣ ሞሐመድ አሚን ካሜራውን ይዞ ባይገኝ፣ ዓለም መቼ ይነቃ ነበር? ከዚያ በፊት ስንት ደብዳቤና ስንት ሪፖርት ተጽፎ ማንም አልሰማም። ምስሉ ወጣ፣ እህሉ መጣ። ልብ የሚነካው ምስል ትንሽ ቢዛነፍ፣ ነፍስ ካተረፈ ምን ጎዳ ትያለሽ?

ተማሪዋ፦ የኮረሙ ምስል መች ተዛነፈ? ኃይሉ ያን ቀን፣ እዚያ ቦታ የነበረውን ማሳየቱ ነው። እኔ የምጠይቀው ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነው። ኮረምም ሆነ የዛሬው ዋግ ኽምራ በጊዜው በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበሩ፤ ምስሉ ከቀኑና ከቦታው ተላቆ የአካባቢው ሁሉ ቋሚ መልክ ሆነ። በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. ታይም መጽሔት ሽፋኑን ለእኛው ረኀብ ሰጥቶ ለምን ዳግመኛ እንደተራብን ጠየቀ። በእነዚያው ዓመታት የአውሮፓ የእርዳታ ድርጅቶች ራሳቸው ነገሩ አሳሰባቸውና እ.ኤ.አ. በ1989 የምስልና የመልእክት አጠቃቀም ደንብ አወጡ፤ የችግረኛን ክብር የሚነካ፣ ምክንያቱን ደብቆ ሥቃዩን ብቻ የሚያሳይ ምስል እንዳይወጣ የሚል። ምስል አውጪዎቹ በራሳቸው ሥራ ላይ ደንብ ማውጣታቸው ለኔ ክርክር ትልቅ ማስረጃ ነው። ብርሃን ወልዱንም ያስቧት። በ1977 በካናዳ ቴሌቪዥን በሞት አፋፍ ላይ የታየችው ሕፃን አድጋ፣ ተምራ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ለንደን ሃይድ ፓርክ በላይቭ ኤይት መድረክ ላይ ቆመች፤ ያኔም ከጎኗ የሚታየው ያው የሕፃንነቷ ምስል ነበር። እሷ ተርፋ ለመናገር በቃች። እኔ ዛሬ አንድ የደሃና ወረዳ ሕፃን ሽፋን ላይ ባወጣ፣ ልጁ ሃያ ዓመት ሲሞላው ያን ገጽ ማን ያነሳለታል? እናቱ ፈቀደች ማለት እሱ ፈቀደ ማለት አይደለም።

አርታኢው፦ እሺ፣ የሐዘኑን ተይው። የደስታው አለልሽ። ነሐሴ ሲጋመስ ሻደይ ነው፤ ልጃገረዶቹ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ተሸልመው፣ ከበሮ ይዘው ሰቆጣን ያደምቋታል። አካባቢው በረኀብ ብቻ መታየቱ ካስቆጨሽ ይህን አውጪ። ሕዝቡም ይኮራል፣ ገዢውም ይወዳል።

ተማሪዋ፦ ሻደይ ሻደይን የሚያወሳ ጽሑፍ ይገባዋል፤ ያን ጽሑፍ ይስጡኝና ሽፋኑን በደስታ እሠራለሁ። መቀንጨርን በሚያወራ ጽሑፍ ላይ ሻደይን ማውጣት ግን ለአንድ ክስ መልስ መስጠት ነው። «እንዲህ ተርበናል ይሉናል፤ አይ፣ እንዲህ እንጨፍራለን» እንደማለት። ሁለቱም ሽፋኖች አንድ ጠባይ አላቸው፤ ጽሑፉን ሳያነቡ ሊሠሩ ይችላሉ። ዋግ ኽምራ የሚለውን ቃል የሰማ ዲዛይነር አንዱን ወይም ሌላውን ከመጋዘን አውጥቶ መለጠፍ ይችላል። ለኔ ይህ የስንፍና መለኪያ ነው፤ ጽሑፉ ሳይነበብ የሚሠራ ሽፋን ስለ ጽሑፉ ምንም አያውቅም።

በዚህ ላይ የወሩን ነገር ያስቡ። ይህ ደጋ በነሐሴና በመስከረም አረንጓዴ ነው፤ ገደሉ ሳይቀር ሣር ያበቅላል። በመጋቢት ሲመጡ መሬቱ አመድማ፣ ጅረቱ ጠጠር ነው። አንዱን ኮረብታ ከአንድ ቦታ ቆሜ በሁለቱ ወራት ባነሳው ሁለት አገር አገኛለሁ፤ አንዱ ድርቅ ነው ለሚል፣ ሌላው ልምላሜ ነው ለሚል ያገለግላል። ሁለቱም ፎቶዎች አልዋሹም። የሚዋሸው ወሩን ያልጻፈው ዲዛይነር ነው። ስለዚህ በጥንድ ገጹ ላይ ለእያንዳንዱ ፎቶ ወሩንና ዓመቱን፣ ቀበሌውንም ጭምር ጽፌያለሁ፤ ያውም ጥግ ላይ በጉንዳን ፊደል ሳይሆን ከጽሑፉ ጋር በእኩል መጠን። በ2015 እና በ2016 በሳህላ፣ በዝቋላና በአበርገሌ የደረሰው ድርቅ የደረሰው እዚያ ነው፣ በዚያ ጊዜ ነው። ያለ ቀንና ያለ ቦታ ሲታተም ግን ዋግ ኽምራ ሁሌም፣ ሁሉም ቦታ እንዲህ ነው ይላል።

አርታኢው፦ አሁን ወደሚያሳስበኝ መጣሽ። ድርቁ ደርሷል፤ የሰሜኑ ጦርነት ሕዝብ አፈናቅሏል፤ ልጆች ተርበዋል። አንቺ ደግሞ ነጭ፣ ንጹሕ፣ ጸጥ ያለ ሽፋን ይዘሽ መጣሽ። እንዲህ ያለ ሽፋን ማንን ደስ እንደሚያሰኝ ታውቂያለሽ? ባለሥልጣንን። በ1965 እና በ1966 ወሎ ሲያልቅ የንጉሡ መንግሥት ያደረገው መደበቅ ነበር። ጆናታን ዲምብልቢ ፊልሙን አንስቶ በጥቅምት 1966 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን እስኪያሳይ ድረስ የሕዝቡ ሞት ተሸፍኖ ነበር። ረኀብን ከሽፋን ላይ ማውረድ በዚህ አገር ታሪክ ውስጥ ሰው ገድሏል ልጄ። የሕፃኑን ክብር ጠበቅሁ ስትይ የገዳዩን ገመና እንዳትሸፍኚ።

ተማሪዋ፦ ከተቃውሞዎች ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ በክብር ስም መደበቅ እንዳለም አውቃለሁ። ነገር ግን ያኔ የተደበቀው ምን ነበር? የሞተው ሰው ቁጥርና የሞተበት ምክንያት ነው። እኔ ሽፋኑ ላይ ያተምኩት ልኩን ራሱን ነው። ሁለቱን መስመሮች ልብ ይበሉ። የላይኛው 85.7 ሴንቲ ሜትር ይላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው የዕድገት መለኪያ የሁለት ዓመት ሴት ልጅ መካከለኛ ቁመት ነው። የታችኛው 79.3 ይላል፤ ከዚያ በታች የሆነች የሁለት ዓመት ልጅ ቀንጭራለች ትባላለች። በመካከላቸው ያለው 6.4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ቀይ የቀባሁት እሱን ነው። ወረቀቱ ኤ ፎር ነው፣ ቁመቱ 29.7 ሴንቲ ሜትር። ስለዚህ ክፍተቱ በእውነተኛ ልኩ ይገባል፤ ማስመሪያ አምጥተው ቢለኩት 6.4 ያገኛሉ። ሕፃኗን ሳላወጣ የጎደላትን አወጣሁ። ይህን ባለሥልጣን ቢያይ ተጋኗል ሊል አይችልም፣ ለጋሽ ቢያይ ሊያለቅስበት አይችልም፤ ሁለቱም ሊለኩት ግን ይችላሉ። ደሃና ውስጥ ያለች ማንበብ የማትችል እናት እንኳ ልጇ በጤና ጣቢያ ሰሌዳ ላይ ተንጋላ ወይም ቆማ ስትለካ አይታ ከሆነ የሁለቱን መስመር ነገር በአንድ ቃል ልነግራት እችላለሁ።

ባለሥልጣኑን ደስ ያሰኛል ላሉት ደግሞ ውስጡን ይግለጡት። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች የቀነጨሩት በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 58 ነበሩ፤ በ1997 51፣ በ2003 44፣ በ2008 38፣ በ2011 37 ሆኑ። በ2008ቱ ጥናት የአማራ ክልል ከመቶ 46 ነበር። ይህን በመስመር ሥዕል ሳወጣው ሁለት ማታለያ አለ። አንደኛው፣ ቋሚውን ዘንግ ከዜሮ ሳይሆን ከ30 መጀመር ነው፤ ያኔ መስመሩ እንደ ገደል ይወርድና መቀንጨር ሊጠፋ የተቃረበ ይመስላል። ሁለተኛው፣ ዓመቶቹን በእኩል ርቀት መደርደር ነው። በጥናቶቹ መካከል አንዴ አምስት፣ አንዴ ስድስት፣ በመጨረሻም ሦስት ዓመት ነው ያለው፤ በእኩል ርቀት ብደረድራቸው የመጨረሻው ጉዞ ከእውነቱ ይበልጥ የተኛ ሆኖ ይታያል፤ መንግሥትን ያለ አግባብ መክሰስ ይሆናል። ዘንጉን ከዜሮ ጀመርኩ፣ ዓመቶቹን በልካቸው አራራቅሁ። የወጣው ሥዕል ማንንም አያስደስትም፤ ብዙ ተሠርቷል፣ ፍጥነቱ ግን ቀዝቅዟል ይላል። በዚህ ፍጥነት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ግቡ ላይ ይደረሳል ወይ የሚለውን አንባቢው ራሱ ይጠይቃል።

አርታኢው፦ ሰው አልባ ሽፋን እንደማይሸጥ ግን አልመለስሽልኝም።

ተማሪዋ፦ ሰው የሌለበት ሽፋን አይሸጥም የሚለው ልማድ ነው እንጂ የተረጋገጠ አይደለም። ኒው ዮርከር መስከረም 2001 እ.ኤ.አ. ከመንትያ ሕንፃዎቹ አደጋ በኋላ ያወጣው ሽፋን ጥቁር በጥቁር ነበር፤ አርት ስፒገልማንና ፍራንሷ ሙሊ ሕንፃዎቹን ከጥቁሩ መደብ ትንሽ በጠቆረ ቀለም አሳረፏቸው። በዚያ ሰሞን ዓለም ሁሉ እሳትና አቧራ ሲያትም ያ ሽፋን ተለይቶ ታየ፤ ዛሬም ድረስ ይነሳል። አዟሪው አስፋልት ላይ ሲደረድር አሥር ፊት ከአሥር ፊት ጎን ይተኛል፤ በዚያ መሐል ነጩ ገጽ ነው ተለይቶ የሚታየው። አዟሪ ሲደራርብ የሚታየው የሽፋኑ የላይኛው ሲሶ ብቻ መሆኑንም አስቤያለሁ፤ የላይኛው መስመርና ቁጥሩ ከመጽሔቱ ስም ሥር ወዲያው የገቡት ለዚያ ነው።

አርታኢው፦ ፎቶ ከሌለ ክብደቱ ሁሉ ፊደሉ ላይ ወደቀ ማለት ነው። የአማርኛ ፊደል ይህን ይሸከማል? መጽሔቶቻችን ርዕስ ሲያወፍሩ ፊደሉ ጭቃ ይሆናል።

ተማሪዋ፦ ጭቃ የሚሆነው ፊደሉ ጥፋት ኖሮበት አይደለም። የላቲን ጽሕፈት ትልቅና ትንሽ ፊደል ስላለው ርዕስን በትልቁ ብቻ ጽፎ ከጽሑፉ ይለየዋል። የእኛ ፊደል አንድ መልክ ነው ያለው፤ የሚቀረን መጠን፣ ውፍረትና ክፍተት ነው። ከዊንዶውስ ጋር የመጣው ኒያላ የተባለው ፊደል አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው፣ አቢሲኒካም እንደዚያው። «ቦልድ» የሚለውን ሲጫኑ ኮምፒዩተሩ አዲስ ፊደል አያወጣም፤ ያንኑ ቅርጽ ዙሪያውን ያሳብጠዋል። የ«ጨ» እና የ«ጠ» እግሮች ይቀራረባሉ፣ የ«ሐ» ሆድ ይጠብባል፤ ይባስ ብሎ ካዕቡን ከሣልሱ፣ ኃምሱን ከራብዑ የሚለዩት ጥቃቅን ቅጥሎች ይዋጣሉ። ድምፁን የያዙት ደግሞ እነሱ ናቸው። በየውፍረቱ ተለይተው የተሣሉ እንደ ኖቶ ያሉ ፊደሎች አሉ፤ ለጽሑፉ የወሰድኩት ከእነሱ ነው። ለሽፋኑ ስም ግን በእጄ ሣልኩ። ከብራና የተማርኩት ቁም ጽሕፈት መነሻው የመቃ ብዕር ነው፤ ብዕሩ ሲወርድ ይወፍራል፣ ሲያግድም ይቀጥናል። ውፍረቱን ቋሚው ጭረት ላይ ብቻ ስጨምር የፊደሉ ሆድ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ከሩቅም ይነበባል። የሽፋኑ ዐረፍተ ነገር በዋግ ኽምራ አገው ቋንቋ፣ በኽምጣኛም ይታተማል። በአገው ቋንቋዎች ጽሑፍ የምትገባው ጘ በመረጥነው ፊደል ውስጥ መኖሯን ሳናረጋግጥ ፋይሉን ብንልክ ባዶ ሳጥን ታትማ ትመጣለች፤ የኽምጣኛ ተናጋሪውም በራሱ አገር ጉዳይ ላይ ሳጥን ያነብባል። ይህም ከሽፋኑ ማስረጃ የሚቆጠር ነው።

አርታኢው፦ ብራናን ካነሳሽ፣ ጥንድ ገጹ ዙሪያ ሐረግ ብትስዪበትስ? እዚሁ ሰቆጣ አጠገብ ከአለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ አለ፤ ከጌጡ ብትወስጂ የአገሩ ጠረን ይኖረዋል።

ተማሪዋ፦ ሐረግን ጌጥ ብቻ ያደረግነው እኛ ነን። በብራናው ላይ ሥራ አለው፤ አንድ መጽሐፍ ወይም አንድ ክፍል እዚህ ይጀምራል ብሎ ያመለክታል። በየገጹ ዙሪያ ከደረደርኩት ሁሉም ገጽ «እጀምራለሁ» ይላል፤ ምንም አልተባለም። ስለዚህ አንድ ጊዜ፣ ጽሑፉ በሚጀምርበት አናት ላይ ብቻ አስገባሁት። ቀዩም እንደዚያው ነው። ጸሐፊዎቹ ቀይ ቀለምን ለቅዱሳን ስምና ለመነሻ ቃላት ነበር የሚቆጥቡት፤ እኔም ለ6.4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቆጠብኩት፣ ሽፋኑ ላይም ውስጥም።

ከብራናው የወሰድኩት ትልቁ ነገር ግን ጌጥ አይደለም፤ ሁለት ገጽን እንደ አንድ ነገር ማየት ነው። የአባ ገሪማ ወንጌላት ከዓለም ጥንታውያን ሥዕላዊ ወንጌሎች መካከል ናቸው፤ በካርቦን ምርመራ ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚወድቁ ታውቋል። የወንጌላውያኑ ሥዕሎች ያሉበት ይህ የመጽሐፍ ወግ በአገራችን ብራናዎች ቀጥሎ፣ ወንጌላዊው በአንዱ ገጽ ተቀምጦ የጻፈው ቃል ፊት ለፊቱ ይጀምራል። የተናገረውና ንግግሩ ይተያያሉ። የእኔም ጥንድ ገጽ የቆመው በዚህ ላይ ነው። በግራ ገጽ አንዲት እናት በራሷ ግቢ ቆማ፣ ካሜራው በዐይኗ ልክ፤ በቀኝ ገጽ እሷ ራሷ ስለ ልጇ ምግብ የተናገረችው በትልቅ ፊደል፣ ከሥሩ ዋናው ጽሑፍ። ስሟን ማውጣትና አለማውጣት የእሷ ምርጫ ነው።

ፊት ለፊት መቀመጥ ምን ያህል እንደሚናገር በአገራችን የታየው በመስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት ነው። ደርግ ንጉሡን ከማውረዱ በፊት ባለው ምሽት የዲምብልቢን ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ድግስ ጋር እያፈራረቀ በቴሌቪዥን አሳየ። የተራበውም እውነት ነበር፣ ድግሱም እውነት ነበር። ሦስተኛውን ነገር፣ «እየራባችሁ ይበላሉ» የሚለውን፣ የተናገረው መጋጠማቸው ነው። ማንም ዐረፍተ ነገር አልጻፈም፤ አገር ሁሉ ግን አነበበው። የተራቡትን ሲደብቅ የኖረ መንግሥት ይህ ፍርድ አይገባውም ነበር አልልም። ነገር ግን ሁለት እውነተኛ ምስሎችን በማጋጠም ብቻ የፈለጉትን ማስባል እንደሚቻል የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለኝም። ስለዚህ በጥንድ ገጽ ላይ «ከዚህ ፎቶ ፊት ለፊት ምን ተቀመጠ?» የሚለውን ጥያቄ የእናቲቱን ፎቶ ከደረቅ መሬት ፎቶ፣ ወይም ከባለሥልጣን ፎቶ ጋር ላጋጥም ሳስብ ሁሉ እጠይቃለሁ። ሁለቱንም አላጋጠምኩም፤ ጽሑፉ መሬቱ ወይም ባለሥልጣኑ ብቻ ነው ጥፋተኛው አይልምና።

አርታኢው፦ ዋናው ጽሑፍ በሁለት አምድ፣ ቀኙም ሳይስተካከል ተለቋል። ሦስት አምድ ቢሆን መጽሔት ይመስላል፤ ቀኙም ቢስተካከል ንጹሕ ይሆናል።

ተማሪዋ፦ የአማርኛ ቃል ረጅም ነው ጋሼ። «እንደሚያስፈልጋቸው»፣ «ስላልተመዘገበላቸው» የሚሉ ቃላት በጠባብ አምድ ውስጥ አንድ መስመር ላይ ሦስት ሆነው እንኳ አይገቡም፤ ቀኙን ለማስተካከል ኮምፒዩተሩ በቃላቱ መካከል ያለውን ባዶ ይለጥጠዋል፤ ገጹ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ነጭ ስንጥቅ ይፈጠራል። የብራና ጸሐፊ ይህ ችግር አልነበረበትም፤ ቃልን ከቃል የሚለየው በሁለት ነጥብ ስለነበር መስመሩ ሲሞላ ቃሉን የትም ቦታ ቆርጦ ወደሚቀጥለው ያሻግረዋል፣ አንባቢም አይሳሳትም፤ አምዱ ቀጥ ያለ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሁለት ነጥቡን ትተን ባዶ ቦታ ከተጠቀምን በኋላ ያን ነፃነት አጣን፤ ስለዚህ ሰፋ ያሉ ሁለት አምዶች፣ ቀኙ የተለቀቀ። እናቲቱንም ከማጠፊያው አርቄ ነው ያቆምኳት። መጽሔቱ በሽቦ ስለሚሰፋ አንድ ወጥ ወረቀት የሚሆነው መሐለኛው ጥንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ከሁለት ወረቀት ስለሚገጥሙ ማጠፊያው ላይ የዋለ ፊት ሊዛነፍ ይችላል።

አርታኢው፦ አንድ የቀረኝ አለ፤ ምናልባት ሽፋንሽን የሚጥለው እሱ ነው። ዛሬ መጽሔት አብዛኛው ሰው የሚያየው በቴሌግራም፣ በስልክ ላይ ነው። ያ 6.4 ሴንቲ ሜትርሽ እዚያ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። በእውነተኛ ልኩ ነው ያልሽው ሁሉ እዚያ ላይ ሐሰት ሆነ።

ተማሪዋ፦ በስልክ ላይ ልኩ ይጠፋል፤ በዚህ አልከራከርም። ስለዚህ ለስልክ ሌላ ሽፋን አለው። እዚያ ላይ መስመሮቹ የሉም፤ ቁጥሩ ብቻ፣ ገጹን ሞልቶ፣ ከሥሩም ያው ዐረፍተ ነገር፦ የሁለት ዓመት ሴት ልጅ ከመካከለኛው ቁመት ከዚህ በላይ ካጠረች ቀንጭራለች ትባላለች። «በእውነተኛ ልኩ» የሚለው ቃል ከወረቀቱ ሽፋን ውጭ አይታተምም። ወረቀቱም ቢሆን የራሱ አደጋ አለው። ማተሚያ ቤት ፋይል ሲደርሰው ከገጹ ጋር እንዲገጥም ወደ 97 ከመቶ አሳንሶ ሊያትም ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ማንም አያስተውለውም። እኔ ጋ ግን ያ 3 ከመቶ ክፍተቱን ወደ 6.2 ያወርደዋል፣ ሽፋኑም ይዋሻል። ስለዚህ ከሚቆረጠው ጠርዝ ውጭ የአሥር ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ አትሜያለሁ፤ ፕሌቱ ሲወጣ፣ የመጀመሪያው ቅጠልም ከማሽኑ ሲወርድ ይለካል።

አርታኢው፦ ማን ይለካዋል?

ተማሪዋ፦ እርስዎ ከፈረሙበት፣ እርስዎ። ካልፈቀዱ ማስመሪያ ይዤ ማተሚያ ቤቱ ድረስ እሄዳለሁ።

አርታኢው፦ የእናቲቱን ፈቃድ በጽሑፍ አምጪ፤ የቁጥሮቹን ምንጭ ከሥዕሉ ሥር ጻፊ፤ የአማራው 46 ከአገሩ 38 አጠገብ ይግባ፣ ገጽ ዞሮ እንዳይፈለግ። ከዚያ እፈርማለሁ።